ቢምረው ድንጋዩን ሲሻገር

ቢምረውን የማያውቅ ሰው በናታንያ ከተማ፣ በእኛ ሰፈር በራማት የዲዲም ውስጥ የለም። አለ ከተባለም ትናንት የገባ ነው። እኛ ሕንጻ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ይኖራል፤ እኔ ከሥሩ፣ ሁለተኛው ላይ ነኝ። ሊፍት የለንም፤ ግድግዳውም ስስ ነው። ሚስቱ ውዴ ስትቆጣው የምሰማው እኔ ነኝ፤ እሱ ሲያስነጥስ "ይማርህ" የምለውም እኔው ነኝ። በዚህ ላይ በማዘጋጃ ቤቱ የአትክልት ሥራ ስንት ዘመን አብረን ስንቆፍር ኖረናል። ስለ እሱ ለማውራት ከእኔ የተሻለ ሰው አይገኝም። ቢገኝም አላስወራውም።

ረጅም፣ ቀጭን፣ ቃሉ በሚዛን የሚወጣ ሰው ነው። ባሕሩ ዳር ገደሉ አናት ላይ የተዘረጋውን የመናፈሻ መንገድ፣ እኛ "ታየሌት" የምንለውን፣ ከዳር እስከ ዳር ያውቀዋል። ሰው እዚያ የሚሄደው ባሕር ለማየት ነው፤ ቢምረው ግን ጀርባውን ለባሕሩ ሰጥቶ አበባ ሲያይ ይውላል። በየአበባው ሥር ጥቁር የውሃ ቱቦ ተዘርግቷል። ጎንበስ ይልና በሁለት ጣቱ ጫን ያደርገዋል፤ ጠብታዋ ብቅ ስትል "እሰይ" ብሎ ወደሚቀጥለው ያልፋል። አንድ ቀን "ለአበባው የምትናገረውን ያህል ለእኛ ብትናገር ምን ነበረበት?" ብለው፣ "አበባው አይመልስልኝማ" አለኝ።

አንድ አመል ነበረበት፤ የዚህ ሁሉ ወሬ መነሻም እሱው ነው።

በአገራችን በወገራ፣ በቤተ እስራኤል መንደር፣ ሴት ምጥ ሲይዛት ከቤቷ ወጥታ ዳር ላይ ወዳለችው የሐራስ ጎጆ ትሄድ ነበር። ጎጆዋ ዙሪያዋን ድንጋይ ተደርድሮባታል። ከድንጋዩ ወዲያ የሴቶች ግዛት ነው። ወንድ ያን ድንጋይ አይሻገርም። ስለ እርግዝና አይጠይቅም፤ ቢነግሩትም እንዳልሰማ ይሆናል። ከሩቅ ቆሞ የሴቶቹን እልልታ ይቆጥራል፤ ወንድ ከሆነ ዐሥራ ሁለት፣ ሴት ከሆነች ዘጠኝ። ቆጥሮ ሲጨርስ ምን እንደተወለደለት ያውቃል፤ ከዚያ በላይ የሚነግረው የለም። የቢምረው የበኩር ልጅ የተወለደው እንዲያ ነው። ሁላችንም እንዲያ ነበርን። ሌሎቻችን ግን አውሮፕላን ስንሳፈር ድንጋዩን እዚያው ጥለነው መጣን። ቢምረው ይዞት መጣ።

ሴት ልጁ ማያን እዚህ አገር ስትወለድ ከሆስፒታሉ መኪና ማቆሚያ አላለፈም። ነርሷ ወጥታ "አባትየው የታል?" ብላ ብታስፈልግ፣ አንድ ዛፍ ሥር ተንበርክኮ አረም ይነቅላል። የሰው ግቢ አረም!

ያቺ ማያን አሁን ሠላሳ ዓመት ያለፋት ሴት ናት። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሂሳብ ታስተምራለች። አለቃዋን ፊት ለፊት የምትሞግት፣ ምላሷ የማይታጠፍ ልጅ ናት። ከባሏ ከዮአብ ጋራ ኢር ያሚም በሚባለው ሰፈር፣ ከነዚያ ሰማይ ከሚነኩት አዳዲስ ሕንጻዎች በአንዱ ትኖራለች። ልጅ ለማግኘት ዓመታት ጠበቁ። ስንት ሐኪም፣ ስንት መርፌ፣ ስንት ጸሎት! በመጨረሻ ፅንሱ ያዘ።

ውዴ አዋጅ አወጣች። ሰው አይስማ፤ ልብስ አይገዛ፤ አልጋ አይታይ፤ ስም አይነሣ። የሰው ዓይን አይታመንም። ለገዛ ባሏ እንኳ የነገረችው "ልጅህ ደህና ናት" ብላ ነው፤ "ደህና" የምትለዋን ቃል ትንሽ ጎተት አድርጋ። ገባው። "ይመስገን" ብሎ ባልዲውን አንሥቶ በረንዳ ላይ ያሉትን አበቦች ሊያጠጣ ወጣ። ያን ቀን ደጋግሞ አጠጣቸው፤ ውሃው ወደ እኔ በረንዳ ወርዶ የሰቀልሁትን የሰንበት ሸሚዜን አበሰበሰው። ተሳደብሁ። እሱ ከላይ ሆኖ ይስቃል። ቢምረው ድምፅ አውጥቶ ሲስቅ ያን ቀን ሰማሁት፤ ለምን እንደሆነ ግን አላወቅሁም።

ሁለት ነገር ባይገጥም ኖሮ እንዲሁ በሩቁ ቆሞ አያት ይሆን ነበር። አንደኛ፣ ዮአብ ለሚሉኢም ተጠራ፤ ተጠባባቂ ወታደር ነውና ከቤቱ ወጥቶ ወደ ጦሩ ሄደ። ሁለተኛ፣ ውዴ በሰው ሠርግ ላይ ከኮረዶች ጋራ እስክስታ ስትወርድ ቁርጭምጭሚቷን ሰበረች። "ሙዚቀኛው ነው ያፈጠነው" ትላለች እስከ ዛሬ። እግሯ እስከ ጉልበቷ ጄሶ ገብቶ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ተቀመጠች። ሥራዋ በስልክ ሰው ማዘዝ ብቻ ሆነ።

በዚህ መሐል ማያን ለምርመራ ብትሄድ ሐኪሟ "የሽርት ውሃሽ አንሷል" አለቻት። በዚህ ጊዜ ብቻሽን አትዋዪ፣ ብቻሽንም አትምጪ፣ ዕረፊ፣ ውሃ ጠጪ ብላ አዘዘቻት። ሌላ ሴት እንዳትጠራ የእናቷ አዋጅ አለ። የቀረው ቢምረው ብቻ ነው። የባልና ሚስቱን ንግግር በጣራዬ በኩል እንዳለ ሰማሁት፤ ሰምቼም እንዳልሰማ ሆንሁ።

"ነገ አንተ ትሄዳለህ" አለች ውዴ። ወገራ ሳሉ "አንቱ" ነበር የምትለው፤ ናታንያ ከገቡ በኋላ ወደ "አንተ" አወረደችው። እሱም ይግባኝ አላለም።

"ወዴት?"

"ከልጅህ ጋራ ነዋ፣ ኩፓ።" ኩፓ የምንለው ሐኪም ቤታችንን ነው።

"ምነው እቴ፣ እኔ የሴት ነገር ምን አውቄ?"

"እንድታውቅ ማን ጠየቀህ? ውሃ አጠጣት ነው የምልህ። ዕድሜህን ሙሉ ምን ስትሠራ ኖርህ?"

ውዴ በዚህ አላበቃችም፤ ድምፅዋ ዝቅ አለ። "ማያን ብለን ስም አወጣንላት፤ ምንጭ ማለት አይደለም ወይ በዕብራይስጡ? ምነው ታዲያ በእሷ ላይ ውሃ ጎደለ?" ብላ አለቀሰች።

ቀጥሎ ያለውን የነገረኝ ራሱ ቢምረው ነው። ብዙ ጊዜ ስለነገረኝ አሁን እሱ ሲሳሳት የማርመው እኔ ሆኛለሁ።

ሐኪሟ ኤሊሼቫ ትባላለች፤ አጭር፣ ፈጣን፣ ሳቂታ ሴት ናት። ማያን ምርመራው አልጋ ላይ ወጣች። ቢምረው ወንበሩን አንሥቶ አዞረና ከግድግዳው ጋራ አፍንጫ ለአፍንጫ ገጥሞ ተቀመጠ። ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አደረገ።

"ሳባ፣ ዙርና እይ እንጂ፤ የልጅ ልጅህ እኮ ነው" አለችው ሐኪሟ። ሳባ ማለት አያት ነው፤ እንዲህ ብሎ የጠራው ሰው ከዚያ በፊት አልነበረም።

"እሰማለሁ" አላት ለግድግዳው።

እውነትም ሰማ። "ሕፃኑ የሚኖረው በዚህ ውሃ ውስጥ ነው" አለቻት ኤሊሼቫ ማያንን። "ይውጠዋል፣ መልሶ ይሸናዋል። ሳንባው የሚበስለው፣ እጅ እግሩን የሚዘረጋው በእሱ ነው። ውሃው ሲያንስ ቦታ ይጠበዋል፤ እትብቱም ሊጫን ይችላል፤ ያን ጊዜ የልብ ምቱ ይወርዳል። አሁን ልቡ ጥሩ ይመታል። ውሃው ከዚህ ከወረደ ግን ቀኑ ሳይደርስ እናዋልድሻለን። ምጥሽን በመድኃኒት መጀመር ሊኖርብን ይችላል፤ ምናልባትም በቀዶ ጥገና ትወልጂ ይሆናል። ቀኑ ያልደረሰ ሕፃን ደግሞ ለመተንፈስ እርዳታ ይፈልጋል። ስለዚህ በሆድሽ የሚቆይባት እያንዳንዷ ቀን ለእኛ ትርፍ ናት።"

ከዚያም ጠየቀቻት። "ከታች የሚወርድ ፈሳሽ አለ? እርጥበት፣ ጠብታ፣ ምንም ነገር?"

ቢምረው የባርኔጣውን ጠርዝ ጨመቀ።

"ሎ" አለች ማያን። የለም ማለቷ ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቢምረው ዕረፍት ወጣና ሥራው ማያንን ማጠጣት ሆነ። የመጀመሪያው ቀን እንደ ጎርፍ ነበር ያስኬደው። አንድ ትልቅ ጠርሙስ ጨርሳ ሳትተነፍስ ሁለተኛውን ይከፍታል። "አባ፣ ዳይ! በቃ! አሳ አይደለሁም እኮ!" ትለዋለች። ማታውን አስመለሳት። በማግስቱ ስልክ ደውላ ለነርሷ ብትነግራት፣ ነርሷ ስቃ "በጥቂት በጥቂቱ ነው እንጂ፣ ቀኑን ሙሉ" አለቻት።

ቢምረው ግንባሩን መታ። "እኔ ምን ነክቶኝ ነው? አበባውን እንኳ በጠብታ ነው የማጠጣው!" አለ።

ከዚያ ወዲያ ትንሽ የሻይ ብርጭቆ አመጣ። ሐብሐብ ቆርጦ ያመጣል፣ ሾርባ ከራማት የዲዲም በአውቶቡስ ጭኖ ይሄዳል። ውዴም ከዙፋኗ ሆና ተልባ በጥብጣ ትልካለች፤ ማያን ሐኪሟን ሳትጠይቅ አትነካውም። ቢምረው ግራ ጎኗ ላይ ጋደም እንድትል ትራስ ይደረድርላታል፤ ሆዷን ግን አያይም። ብርጭቆውን ሲሰጣት እንኳ በመስኮት ወደ ውጭ እያየ ነው። አንድ ጊዜ ብርጭቆውን አየር ላይ ለቀቀው ይባላል። እሱ ይክዳል።

ከሳምንት በኋላ ሲሄዱ ውሃው አልጨመረም። እንዲያውም ትንሽ ቀንሷል። ኤሊሼቫ ፊቷ እንደ ወትሮው አልሳቀም። የልጁ ልብ አሁንም ጥሩ ነው፤ ከነገ ወዲያ ደግማ ልታያት ቀጠረቻት። "ፈሳሽ የለም አይደል?" ብላ ደግማ ጠየቀች። ማያን የለም ብላ ራሷን ነቀነቀች። ቢምረው ግድግዳውን ያያል።

ሲወጡ ማያን "አባ፣ ትንሽ ባሕር ልይ" አለችው። በታክሲ ወደ ታየሌት ሄዱና እሱ ያጠጣቸው አበቦች አጠገብ ካለው አግዳሚ ወንበር ደረሱ። ማያን ከመቀመጧ በፊት ሻርፗን አጥፋ ወንበሩ ላይ አነጠፈች። ቢምረው "ወንበሩ ንጹሕ ነው እኮ" ሊላት ብሎ ተወው። ጎን ለጎን ተቀመጡ። ከታች ልጆች ማዕበል ሲመታቸው ይጮኻሉ። ማያን እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ ታያቸዋለች።

ቢምረው በልቡ ሲያሰላስል ነበር። ይህን ያህል ውሃ የት ገባ? በእሱ ሥራ ቢሆን መልሱ ቀላል ነው፤ ውሃው ተከፍቶ መሬቱ ከደረቀ፣ ቱቦው አንድ ቦታ ተበስቷል። ይህን ሐሳብ ወዲያው አባረረው። የሴት ነገር ነው፤ ምን አገባኝ አለ።

ሊሄዱ ሲሉ ማያን ተነሣች፤ ሻርፗንም ቶሎ ብላ ጠቅልላ ወደ ቦርሳዋ ከተተች። ቶሎ ብትልም ቢምረው አየ። ሻርፑ መሐሉ ርሷል።

መጀመሪያ ያደረገው ማንም ወገሬ የሚያደርገውን ነው፤ ሚስቱ ጋ ደወለ። ውዴ ትጠይቃት፣ ሴት ለሴት ይነጋገሩ። ስልኩ ይጮኻል፤ የሚያነሣው የለም። ለምን አትሉኝም? በዚያች ሰዓት እኔና የውዴ እኅት ልጅ ጋዲ ውዴን በወንበር ተሸክመን፣ ራጅ ልትነሣ ከሦስተኛ ፎቅ እያወረድናት ነበር። እሷ ላያችን ላይ ሆና "ቀስ በሉ! ግራ! ግራ ስላችሁ!" ትላለች። ስልኩ አልጋዋ ላይ ቀርቷል። የኔ ወገብ እስከ ዛሬ ያን ቀን ያስታውሳል።

ቢምረው ስልኩን ኪሱ ከተተ። ማያን ጥቂት እርምጃ ቀድማ መሄድ ጀምራለች። ብትገባ ቤቷ ነው የምትገባው፤ ከነገ ወዲያ ደግሞ ሐኪሟ ትጠይቃታለች፣ እሷም "ሎ" ትላለች፣ እሱም ግድግዳ ያያል። ይህ ሁሉ ባንድ ጊዜ ታየው። ሐኪሟ በጠየቀቻት ቁጥር ያቺን ምላሷ የማይታጠፍ ልጅ አፏን የዘጋት ማን እንደሆነ ገባው። ክፍሉ ውስጥ ከእሱ በቀር ማን ነበር?

"ማያንዬ" አለ።

ዞር አለች። እሱም ፊት ለፊቷ ቆመ። ዓይኑን አላሸሸም፤ ሆዷንም አየ። የመጀመሪያ ጊዜው ነው።

"ሽርት ውሃ ይፈስስሻል ወይ፣ ልጄ?"

ያ ሁሉ የታየሌት ሕዝብ ይራመዳል፣ ብስክሌት ያልፋል፣ አይስክሬም ይላሳል።

"ትንሽ ናት፣ አባ… ሎ ዮዳዓት፣ አላውቅም። ሽንት መስሎኝ ነው። ልጁ ሲጫነኝ ያመለጠኝ መስሎኝ ነው።" እንባዋ ወረደ። "አንተ እዚያ ቁጭ ብለህ እንዴት አድርጌ ልበል?"

"ለእኔ ብለሽ ነው ዝም ያልሽው?"

ራሷን ነቀነቀች።

"እሱን ድንጋይ ከወገራ ድረስ ተሸክሜ አምጥቼ ባንቺ ዙሪያ የደረደርሁት እኔ ነኝ ማለት ነው" አለ ቢምረው። "በይ ነይ። አሁን ይብቃው።" እጇን ያዘና ታክሲ አስቆመ። ሆስፒታል እስኪደርሱ አልለቀቃትም።

ሆስፒታል ሲደርሱ በር ላይ የተቀበለቻቸው ነርስ ምን እንደሆኑ ጠየቀቻቸው። ማያን አፏን ከመክፈቷ በፊት ቢምረው በዚያ በአትክልተኛ ዕብራይስጡ፣ አዳራሹ ሁሉ እስኪሰማ፣ "ልጄ ሽርት ውሃዋ ይፈስሳል! ሜይ ሻፊር! ቀኗ አልደረሰም!" ብሎ ጮኸ፤ ሜይ ሻፊር ያው ሽርት ውሃ ማለት ነው። ማያን በእንባዋ መሐል ሳቀች። "አባ፣ ማይክሮፎን ይምጣልህ?" አለችው።

መርምረው አረጋገጡ። የውሃው ከረጢት ትንሽ ተበስቶ ሲንጠባጠብ ነው የከረመው። እንዲህ ሲሆን ውሃ ማነሱ ብቻ አይደለም፤ ተሕዋስያን ገብተው እናትንም ልጅንም እንዳይመርዙ ያስፈራል። ቶሎ በመምጣታችሁ ደግ አደረጋችሁ አሏቸው። መድኃኒት በደም ሥሯ ሰጧት፤ የሕፃኑን ሳንባ የሚያበረታ መርፌም ወጓት። የልቡን ምት የሚቆጥር ማሽን ሆዷ ላይ አሰሩ። ቢምረው ወንበሩን ከአልጋው አጠገብ አደረገ። ግድግዳው ከኋላው ነበር። ውዴ በስልክ "ምን ይላሉ? ማሽኑ ምን ይላል?" ስትለው፣ "ልቡ እንደ ወፍጮ ይጮኻል፤ ደስ ይላል" አላት።

ጥቂት ቀን በሰላም አለፈ። ከዚያ አንድ ጠዋት የልብ ምቱ ወረድ አለና ተመለሰ፤ ደግሞ ወረደ። ሐኪሞቹ ተነጋገሩና ከዚህ በላይ አንጠብቅም አሉ። ምጡን በመድኃኒት ጀመሩት። ዮአብ ከጦሩ ተፈቅዶለት በመንገድ ላይ ነው። አዋላጇ "ከእሷ ጋራ የሚቆየው ማን ነው?" አለች።

"እኔ" አለ ቢምረው።

ገባ። በራስጌዋ በኩል ቆሞ ግንባሯን ያብሳል፣ ከንፈሯን በውሃ ያረጥባል፣ እጁን ስትጨብጠው "በርቺ፣ የኔ አንበሳ" ይላታል። ጣቶቹ ለሁለት ቀን አንታጠፍም ብለውት ነበር። ዮአብ ከነአቧራው፣ ከነወታደር ጫማው ሲደርስ ቢምረው ቦታውን ለቀቀለትና ወደ ኮሪደሩ ወጣ። በዚያ ሰዓት እኔ ሦስተኛ ፎቅ ውዴ ጎን ተቀምጬ ነበር። ስልኩ ድምፁ ከፍ ተደርጎ በጄሶዋ ላይ ተቀምጧል። የቢምረውን ትንፋሽ እንሰማለን።

"ወለደች?" ትላለች ውዴ።

"ቆይ።"

"አለቀሰ?"

"ቆይ አልሁሽ እኮ!"

ከበሩ ወዲያ የሰዎች ድምፅ ይሰማል፤ የሕፃን ድምፅ ግን የለም። የምንፈራው ሁሉ ያቺ ዝምታ ነበረች። ያ ሳንባ በዚያች ጥቂት ውሃ በስሎ ይሆን? ውዴ እጄን ያዘች። እኔም ያዝኋት። የሰው ሚስት ናት፤ ግን ያዝኋት።

ከዚያ አንዲት ቀጭን፣ የተቆጣች ድምፅ መጣች። የድመት ልጅ ታክላለች፤ ግን ለቅሶ ናት። ደግማ መጣች፣ በረታች። በሩ ተከፈተና ዮአብ "ባት! ሴት ናት፣ አባ!" ብሎ ጮኸ።

ውዴ እልል ልትል አፏን ከፈተች። እንባ ቀደማት። ደግማ ሞከረች፤ ድምፅዋ ተሰበረ። "አልቻልሁም" አለች። "ቢምረው! እዚያ ሴት የለም ወይ? ልጂቱ በዝምታ ትገባለች? አንተ በል!"

"እኔ? ወንዱ?"

"አንተ በል ብዬሃለሁ!"

ቢምረው ኮሪደሩን ወደ ግራም ወደ ቀኝም አየ። ከዚያ ያ ቃሉ በሚዛን የሚወጣ ሰው፣ ያ አረም ሲነቅል ልጅ የተወለደለት ሰው፣ ራሱን ወደ ኋላ አደረገና "እልልልልል!" አለ። ድምፁ የተበላሸ ፓምፕ ነው የሚመስለው። ግን እልልታ ነው። ደገመ። ሰለሰ። በየክፍሉ በር ይከፈታል፤ ነርሶች ይወጣሉ፤ አንዲት አሮጊት ታጨበጭባለች። ውዴ በዚህ በኩል እያለቀሰች በጣቷ ትቆጥራለች። ስምንት ላይ የጥበቃ ሠራተኛው ሮጦ ደረሰ፤ "አዶኒ፣ ጌታዬ፣ ምን ሆነሃል?" ሲለው ሰማን።

"አያት ሆንሁ" አለ ቢምረው።

"አንድ ቀረህ!" ብላ ጮኸች ውዴ በስልኩ። "ስምንት ነው ያልኸው! ለሴት ዘጠኝ ነው!"

በዚያው ቅጽበት ሕፃኗን በመስተዋት ሣጥን አድርገው በአጠገቡ አሳለፏት። ፊቷ ጡጫውን ቢያክል ነው። ለጊዜው ለመተንፈስ እርዳታ ትፈልጋለች፤ ቀናቸው ያልደረሰ ሕፃናት ወደሚቆዩበት ክፍል ልትሄድ ነው። ቢምረው ሣጥኗ እስክትርቅ ቆሞ አየ።

"ትቆይ" አለ ለውዴ። "አንዷን ቤቷ ስትገባ እላታለሁ።"

ማያን አንድ ሁለት ቀን አተኮሳትና ተሻላት። ሕፃኗም እርዳታውን ቶሎ ተወችው፤ በራሷ ተነፈሰች፣ ጠባች፣ ወፈረች። ኦሪያ አሏት። አንደኛዋ እግሯ ብቻ ወደ ውስጥ ዞር ብላለች። ቦታ ጠቧት ታጥፋ ስለ ኖረች ነው፤ ገና ለጋ ስለሆነች በማሸት ትስተካከላለች አሉ፤ እንዴት እንደሚታሽም አሳዩ። ማን ተማረው? ቢምረው። የውሃ ቱቦ በሚጫንባቸው በነዚያ ሁለት ጣቶቹ ያቺን ተረከዝ ይዞ ቀስ አድርጎ ወደ ውጭ ያወጣታል፤ ስትዘረጋለት "እሰይ" ይላል። ውዴም ይህን ስትሰማ የራሷን ጄሶ መታ መታ አድርጋ "እኔን ነው የመሰለችው፤ እስክስታ ስትወርድ ነው" አለች።

ከሆስፒታል ወጥተው ወደ አያቶቿ ቤት የመጡ ዕለት ሕንጻችን ደረጃው አልበቃ አለ። ውዴ አዋጁን አንሥታ ራማት የዲዲምን በሙሉ ጠርታለች። ሴቶቹ ከምድር ቤት እስከ ሦስተኛ ፎቅ ተደርድረዋል፤ አፋቸውን አዘጋጅተዋል። ማያን ቀስ እያለች ወጣች፤ ከኋላዋ ዮአብ ዕቃውን ተሸክሟል፤ ኦሪያን ያቀፋት ቢምረው ነው። አንዷ ልትጀምር ስትል ውዴ በሩ ላይ ሆና ምርኩዟን ወደ ላይ አነሣች።

"ቆዩ! የሚቀድም ሰው አለ።"

ቢምረው ደፉ ላይ ቆመ። ይህን ያህል ሴት እያየው፣ ጆሮው ድረስ አፍሮ፣ ወደ ሕፃኗ አጎነበሰ። እንዳይቀሰቅሳት ቀስ አድርጎ፣ ለእሷ ብቻ የሚል መስሎ፣ ዘጠነኛዋን አላት።

ውዴ ጣቷን አጠፈች።

"አሁን ሞላ" አለች።